ከስም በፊት አመል

 

ዛሬ ስለ ጓደኞቼ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ነን። ከአሥራ አንዱ ስምንቱን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የአራቱን የአባት ስም እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ነገር ግን አንደኛው የምንደግፈው ቡድን ሲመራ ቁጭ ማለት እንደማይችል፣ አንደኛዋ ሲጨንቃት ሽንኩርት መክተፍ እንደምትጀምር፣ ሌላው የከፋው ቀን የጀበናውን ፎቶ ብቻ ልኮ እስኪነጋ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ጀበናው አፉ የተሸረፈ ነው። በየት በኩል እንደተሸረፈ ሳይቀር አውቃለሁ።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ከዚያ ስሙ፣ ከዚያ አገሩ፣ ከዚያ ሥራው ይጠየቃል። አመሉ የሚታወቀው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ጎረቤት ሆኖ ከርሞ፣ በርበሬ ተበዳድሮ፣ ለቅሶ ተቀምጦ። በኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ወደው የተገናኙ ሰዎች ዘንድ ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። አመል ቀድሞ ይመጣል፤ ስም ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። አባቶቻችን «አመል ያወጣል ከመሐል» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው አውጥቷል። እኔ ደግሞ አመል ሰውን ወደ መሐል ሲያስገባ አይቻለሁ። የማወራችሁ እሱን ነው።

እኛን ያገናኘን አርሰናል ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ዉልዊች ውስጥ፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ክለብ ነው፤ «መድፈኞቹ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ይህን ቡድን የያዝነው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003/04 ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸንፎ፣ 12ቱን አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደውን ቡድን ያየሁት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቤ ነው። ተጣብቤ ስል ወንድሜ አብሮኝ ካለ ነው። እሱ ከሌለ በሩ ላይ ቆሜ በሰው ትከሻ መሐል ነበር የማየው። ሴት ልጅ ብቻዋን ኳስ ቤት ገባች ማለት በሰፈራችን ሳምንት ሙሉ የሚወራ ነገር ነበር። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የእኛ ጓደኝነት የተጀመረበትን ሌሊት በትክክል አውቀዋለሁ። ጥር 16 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ። አርሰናል በኤፍኤ ካፕ አራተኛ ዙር ከኮቨንትሪ ሲቲ ጋር ሲጫወት፣ በ71ኛው ደቂቃ ጌዲዮን ዘላለም ተቀይሮ ገባ። በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ያደገ፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን የቀረው ልጅ። አርሰን ቬንገር ክለቡን ከያዙ በኋላ ተወልዶ በእሳቸው ሥር ለመጫወት የበቃ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ፤ ማን ማን እንዳገባ የዚያን ሌሊት የጠየቀ የለም። «ዘላለም» የሚል ቃል በአርሰናል ማሊያ ጀርባ ላይ አየን፤ በቃን። ፌስቡክ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ስሙን በፊደላችን እየደጋገሙ ይጽፉ ነበር፤ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ፣ ስሙን ብቻ። እኔም ጻፍኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አሁንም እየጻፍን የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ከዚያ ሌሊት በኋላ አልተለያየንም፤ በኋላም ወደ ቴሌግራም ተዛወርን። ጌዲዮን ከጊዜ በኋላ ከአርሰናል ሄደ፤ በእሱ ምክንያት የተያያዝነው እዚያው ቀረን።

አሁን ወደ አመላችን ልግባ።

አማርኛ በጽሑፍ ለሚያወራ ሰው አንድ መደበቂያና አንድ ማጋለጫ አለው። እኔ «በላሁ፣ ተናደድኩ፣ አላመንኩም» ብዬ ስጽፍ ወንድ ልሁን ሴት አይታወቅም። ሌላው ሰው ሊያናግረኝ ሲነሣ ግን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ አንተ ይበለኝ፣ አንቺ ይበለኝ፣ ወይስ እርስዎ? እኔ በመለያ ፎቶዬ ቦታ የለጠፍኩት የአርሰናሉን አጥቂ የቴዬሪ ሄንሪን ፎቶ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ «አንተ» ተባልኩ። «ወንድሜ» ተባልኩ። አላረምኳቸውም። ለምን እንዳላረምኳቸው ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ያቺ በር ላይ የቆመችው ልጅ ያለ ወንድሟ ገብታ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልትነሣ አልፈለገችም።

አንድ ቀን ስለ አጥቂያችን ኦሊቪዬ ዢሩ ክርክር ገጠምን። እኔ ቀርፋፋ ነው ባይ ነኝ። እጄ ሊጥ ነክቶ ስለነበር መልሴን በድምፅ ላክሁት። የላክሁት ድምፅ ሃያ ሰከንድ የማይሞላ ነው። ከዚያ አራት ደቂቃ ሙሉ ማንም ምንም አልጻፈም። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል፤ ከቡድኑ የምወጣበትን ቁልፍ እያየሁ ነበር። በአራተኛው ደቂቃ ደሴ ያለው መምህር ጓደኛችን ጻፈ፤ «ታዲያ ዢሩ ላይ ያለሽን ነገር አልተውሽም ማለት ነው?» አለኝ። ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ። የተለወጠው የግሱ መጨረሻ ብቻ ነው። በሕይወቴ ከተሰጡኝ አቀባበሎች ሁሉ እንደዚያ ያለ ክብር የተሰማኝ የለም።

ሐዋሳ ስላለው ጓደኛችንም ልንገራችሁ። ተናዳፊ ነው፤ አማርኛው የወጣት ነው፤ ማንም ሰው «ፍሬንድ» ሲለው ይመልሳል። አንድ ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጎ መክረሙን፣ በመሐሉ መልእክታችንን የልጅ ልጁ እያነበበችለት እንደነበር ጻፈ። ዕድሜው 67 ነበር። ቡድኑ ደነገጠ። በአንድ ሌሊት ሁሉም ወደ እርስዎ ዞረ፤ «ጋሼ እንዴት አመሹ፣ ጋሼ እግዜር ይማርዎት» ሆነ። መከባበሩ ደስ ይላል፤ ግን የሚተርበው ሰው ጠፋ። ሲሳሳት የሚያርመው ጠፋ። ለሁለት ጨዋታ ያህል ዝም ብሎ ከረመና እንዲህ ብሎ ጻፈልን፤ «አንቱታን ቤቴ ጠግቤዋለሁ። እዚህ የምመጣው እንድትሰድቡኝ ነው።»

ብዙ ተመካከርን። አሳዳጊዎቻችን ሰባ ሊሞላው የቀረበን ሰው አንተ ብለን እንድንጠራ አላስተማሩንም። በመጨረሻ ያገኘነው መፍትሔ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ አንተ ነው፤ ፊሽካው ካለቀ በኋላ ጋሼ ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ «አንተ ሰውዬ ዓይንህ አሁንም አልዳነም እንዴ!» ሲለው የቆየው የአዳማ ተማሪ፣ የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ «ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሽግግር በየሳምንቱ ሳየው ቋንቋችን እንዴት ያለ ስፋት እንዳለው ይገርመኛል።

ሌላው አመላችን ገድ ነው። እግረ እርጥብ የሚባል ሰው አለ፤ እግረ ደረቅ የሚባልም አለ። ገደኛ ማሊያ አለ፤ አሸንፈን ከሆነ እስክንሸነፍ አይታጠብም። ገደኛ ወንበር አለ፤ እንግዳ ቢመጣም አይለቀቅም። ከሁሉ በላይ የምንፈራው ሟርትን ነው። ጨዋታ ሳያልቅ «አሸነፍን» ያለ ሰው የ50 ብር ካርድ ይቀጣል፤ ካርዱም የዚያን ዕለት የኢንተርኔት ጥቅሉ ላለቀበት ጓደኛ ይላካል። ደንቡ ሲወጣ ለቅጣት ነበር፤ እያደር ግን ጥቅል መግዣ ያጠረው ልጅ እንዳያፍር ሆን ብሎ የሚያሟርት ሰው መኖሩን ደረስኩበት። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልነግራችሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ታክሲ ነጂ ጓደኛ አለን። እሱ ጨዋታውን በስልኩ የከፈተ ጊዜ ጎል ይገባብናል። አንድ ጊዜ ሆነ፤ ሳቅን። ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ዝም አልን። በአምስተኛው ራሱ ጻፈ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በቀጥታ አላይም» አለ። ያቆመው ማየቱን ብቻ ነው፤ መደገፉን አይደለም። ጨዋታ ሲጀመር «አልከፈትኩም፤ ተረጋጉ» ብሎ ይጽፍና ወደ ሥራው ይሄዳል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቤቱ ገብቶ ውጤቱን እያወቀ ሙሉውን ያየዋል። የሱ አለመክፈት ለንደን ያለችውን ኳስ አንድ ስንዝር እንደማያንቀሳቅሳት እኔም እሱም እናውቃለን። ግን አስቡት፤ ከአገሩ ርቆ ሌሊትና ቀን መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው፣ አሥራ አንድ ሰዎች «እግዜር ይስጥልን፣ ስላልከፈትክ አሸነፍን» ይሉታል። ገድ እንዲህ ያደርጋል፤ የሌለውን ሰው እንዳለ ይቆጥረዋል። እኛ ዘንድ ሥራ የሌለው ሰው የለም። አንዱ በመቆም፣ አንዷ ሽንኩርት በመክተፍ፣ አንዱ ባለማየት ይጫወታል።

የሰዓት ነገርም አለ። ከለንደን ጋር ያለን ልዩነት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣል፤ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ሲያዞሩ እኛ እንዳለን ነን። የቅዳሜው የዘወትር ጨዋታ በእነሱ በጋ በእኛ 11 ሰዓት ይጀመራል፤ በእነሱ ክረምት 12 ሰዓት። ያው ጨዋታ ለሲልቨር ስፕሪንጉ ጠዋት ነው። ሎስ አንጀለስ ያለችው ነርስ ጓደኛችን በክረምት የቅዳሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ ለማየት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች። ሁላችንም ግን በቡድናችን ውስጥ ሰዓት የምንናገረው በአገራችን አቆጣጠር ነው። እሷ አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖራ፣ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በሌላ ሰዓት እየሠራች፣ ለእኛ «10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቻለሁ» ብላ ትጽፋለች። እንድታስተካክለው ማንም አልጠየቃትም።

አሁን የምወደው ደንብ ላይ ደረስኩ። ዲሽ ያለው ሰው ጎሉን ቀድሞ ያያል። በኢንተርኔት የሚያየው ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ «ገባ!» ብሎ ሲጽፍ የሌላው ስልክ ላይ ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ነው፤ ደስታው ተሰረቀ ማለት ነው። ስለዚህ ተስማማን። ጎል ከገባ በኋላ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። ሰፈሩ ሲጮኽ፣ ጎረቤት በር ሲደበድብ፣ አንተ ስልክህን ጨብጠህ ስድሳ እየቆጠርክ ትጠብቃለህ። ዱሮ ኳስ ቤት ውስጥ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነበር የምንጮኸው፤ አንድ ስክሪን ነበር። አሁን ስክሪኑ አሥራ ሁለት ስለሆነ አንድ ላይ ለመጮኽ ቀድሞ ያየው የግድ የዘገየውን መጠበቅ አለበት።

ይህን መጠበቅ እስከ ጥግ ያደረስነው ለአንዲት ልጅ ነው። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን የምታገኘው ሥራ ሲያልቅ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ውጤቱን እንዳንነግራት ለመነችን። ግን እንዴት አድርገን? እሷ ገና ቡድናችንን ሳትከፍት ከስሙ ሥር የመጨረሻውን መልእክት ቀድማ ልታይ ነው። የደሴው መምህር መላ አመጣ። ፊሽካው ካለቀ በኋላ ማንም ስለ ጨዋታው አይጽፍም፤ የሚጽፈውም ሌላ ወሬ ይሆናል። በጨዋታው ውስጥ የምንጽፈው ሁሉ ደግሞ ከፊቱ ደቂቃው ይጻፍበታል። «23፦ ኮርነር አገኘን»፤ «24፦ ከሳሊባ ጭንቅላት በላይ አለፈ»፤ «31፦ አንተ ሰውዬ ዛሬ ተሳስተሃል፣ ኦፍሳይድ ነው»።

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እያንዳንዱን መልእክት እያነበበች ልብ ትለጥፍበታለች። የማይቀረው የሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስልኬ ይነዝራል፤ ልብ፣ ልብ፣ ልብ፣ ከዚያ ፋታ። የቆመችበትን ደቂቃ አውቀዋለሁ። ጎል የገባብን ቦታ ላይ ደርሳለች። ከዚያ ደግሞ ትቀጥላለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ስልኩን አጥፊው ይለኝ ነበር። አሁን ራሱ በእንቅልፍ ልቡ «ስንተኛው ደቂቃ ላይ ናት?» ይለኛል። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈችልን፤ «ቀኑን ሙሉ የማንም ስም ስጠራ አልውልም፤ ማታ የሁላችሁንም እጠራለሁ።» ከዚያ ወዲህ ደቂቃውን ሳይጽፍ ያለፈ ሰው የለም።

ይህ የእግር ኳስ ወዳጆች ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ልጅ የኮሪያ ድራማ ወዳጅ ናት። ጓደኞቿ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ዱባይ ናቸው። አንድ ክፍል ሲጀምሩ አራቱም በስልክ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» ብለው በኮሪያኛ ቆጥረው እኩል ይጫኑታል። አንዷ ውኃ ልትጠጣ ከተነሣች አራቱም ያቆሙታል። ይህን ሳይ እኛና እነሱ የአንድ አገር ሰዎች መሆናችን ገባኝ።

የሚያሳዝነኝን ሳልናገር ባልፍ እናንተን ማታለል ይሆናል። ቤቲንግ ከገባ ወዲህ ብዙ አመል ተበላሽቷል። ዱሮ «ዛሬ እንዴት ታያላችሁ?» የሚል ሰው መልሱን የሚፈልገው ለመከራከር ነበር። አሁን ትኬት ሊቆርጥበት የሚጠይቅ አለ። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ጎል ሲገባ አይጮኽም፤ ያሰላል። ከእኛ መሐል አንዱ የቤት ኪራዩን አስያዘ። ያወቅነው በአመሉ ነው፤ ቡድናችን እየመራ ቁጭ ብሎ ይጽፍ ጀመር። ያ እንዳልኳችሁ ስንመራ መቀመጥ የማይችለው ልጅ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛችን ነቃ፤ «ዛሬ ለምን አልቆምክም?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሌሊቱን ሁሉንም ነገረን። ኪራዩን አዋጥተን ከፈልን፤ ከዚያ በኋላ በቡድናችን የቤቲንግ ወሬ ክልክል ሆነ። የቅርብ ዘመዶቹ ያላዩትን እኛ ያየነው የተሻልን ሰዎች ሆነን አይደለም፤ እነሱ ፊቱን ያዩ ነበር፤ እኛ ከአመሉ ሌላ የምናየው ነገር ስላልነበረን ነው።

አሁን ወደ መቀሌው ጓደኛችን ልሂድ።

የእሱ ሥራ አሰላለፍ ነበር። ያኔ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ክለቡ የተሰላፊዎችን ስም ያወጣ ነበር። ማንም ሰው በስልኩ ሊያየው ይችላል። እኛ ግን የምንጠብቀው የእሱን ነው። ከተማሪ ደብተር ገጽ ላይ ሜዳውን በእስክሪብቶ ይስላል፤ ስማቸውን በጥሩ እጅ ጽሕፈት ይጽፋል፤ የማሊያ ቁጥራቸውን ደግሞ በግዕዝ ቁጥር። ሌኖ ፩፣ ሳካ ፯፣ ኦባሚያንግ ፲፬። ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ስሙን አናውቅም ነበር፤ «አሰላለፍ» ነበር የምንለው።

ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ኦልድ ትራፎርድ ላይ ተጫወትን። ኦባሚያንግ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ 1 ለ 0 አሸነፍን። ፲፬ቱን ከጨዋታው በኋላ በቀይ አክብቦ ላከልን። በሦስተኛው ቀን የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀረው። ማንም አሰላለፍ አልለጠፈም። ማንም አትለጥፉ አላለም። ደቂቃው ሲሄድ፣ ሐዋሳ ያለው ጋሼ ባዶ የደብተር ገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከ። ኳስ ቤት ውስጥ ለሚመጣ ጓደኛ ወንበር ላይ ጃኬት አድርገን ቦታ እንደምንይዝለት ማለቱ ነው። የዚያን ቀን በሜዳችን በአስቶን ቪላ 3 ለ 0 ተሸነፍን፤ አንድም ሰው ስለ ሽንፈቱ አልጻፈም። ከዚያ በኋላ ጋሼ በየጨዋታው ባዶውን ገጽ ይልክ ነበር። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል። በዚያ ጊዜ አገሩ ሁሉ ተለያይቶ ሲነጋገር በእኛ መሐልም ክፉ ቃል ተወራውሯል፤ አንድ ሰው ወጥቶ አልተመለሰም። ግን ያ ገጽ ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ዝም ይል ነበር፤ እጅግ የተናደደውም ጭምር።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመቀሌ ስልክ ተመለሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ቀደም ባለው ጊዜ ለእናቱ መድኃኒት ፈልጌለት ስለነበር ቁጥሬ እሱ ጋ ነበር። እጅ ጽሕፈቱን ከወንድሜ ጽሕፈት እኩል አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም። «ማን ልበል?» አልኩ። ትንሽ ዝም አለና «አሰላለፍ» አለኝ። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ስሙን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እናቱ ማረፏንም። አለቀስን፤ ከዚያ «ማርቲኔሊ ግን እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያ የውድድር ዘመን አርሰናል 248 ቀን ሊጉን የመራበት ነው። የመቀሌው ጓደኛችን ወደ ቴሌግራም ቡድናችን ሳይመለስ፣ የካቲት 2 ቀን በአገራችን ቴሌግራምና ፌስቡክ ተዘጉ። እኛ በቪፒኤን እየገባን እየወጣን ስንቸገር፣ እሱ ኢንተርኔትም ቴሌቪዥንም አልነበረውም። ስልክ ብቻ ነበረው። የካቲት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቦርንማውዝ ጋር ስንጫወት፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። ስልኩን በርጩማ ላይ አድርጌ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኩት። በ9ኛው ሰከንድ ጎል ገባብን። «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል፤ እኔ ለመናገር አፌ ተያያዘ። በ57ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ገባብን። ቶማስ ፓርቴ አንድ መለሰ። ቤን ዋይት አቻ አደረገ። ሒሳቡ እንዳያልቅ ሁለት ጊዜ ካርድ ሞላሁ። በ97ኛው ደቂቃ ከኮርነር የተመለሰች ኳስ ከሳጥኑ ጫፍ ላይ ተቀይሮ ለገባው ሪስ ኔልሰን ደረሰችው፤ በግራ እግሩ መታት።

የአንድ ደቂቃውን ደንብ ረሳሁት። ስልኩን አንሥቼ ጮኽኩበት። እሱ መቀሌ፣ እኔ አዲስ አበባ፣ ሁለታችንም ስንጮኽ ሌላው የሚለውን የሚሰማ አልነበረም። ጩኸቱ ሲበርድ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ማን ነው ያገባው?» አለኝ።

«ኔልሰን።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ቆይ፣ አትዝጊው፤ እስክሪብቶ ላምጣ» አለኝ።